መክሬከር፦ ፕሬዚዳንት የሰደበበት፣ ጋዜጠኞች የኮሩበት ስም

አሜሪካ ውስጥ አንድን የምርመራ ጋዜጠኛ «መክሬከር» ብላችሁ ብትጠሩት ደረቱን ነፋ አድርጎ «አመሰግናለሁ» ሊላችሁ ይችላል። እንግሊዝ ውስጥ ያንኑ ቃል ብትወረውሩበት ደግሞ «የሰው ገመና እያነፈነፍክ የምትበላ» እንዳላችሁት ሊቆጥረው ይችላል። ቃሉ ያው አንድ ነው። በአጭሩ ሲፈታ፣ ባለሥልጣንና ባለሀብት ሊደብቁት የሚፈልጉትን ጉድ ቆፍሮ የሚያወጣ ጋዜጠኛ ማለት ነው። ረጅሙ ፍቺ ግን ይበልጥ ይጥማል። ምክንያቱም ቃሉ መጀመሪያ የተለጠፈው ጋዜጠኛ ላይ አልነበረም።

«መክ» ማለት ፍግ ነው፤ አዛባ፣ የበረት ጉድፍ። «ሬክ» ደግሞ ባለ ጥርስ መጫሪያ ነው፤ አትክልተኞች የረገፈ ቅጠል የሚሰበስቡበት ዓይነት። መክሬከር እንግዲህ ቃል በቃል አዛባ ጫሪ መሆኑ ነው። ገጠር ያደገ ሰው ሥራውን ያውቀዋል። ጠዋት ተነስቶ በረት መጥረግ ምንም ነውር የለበትም። ነውሩ የመጣው ከመጽሐፍ ነው።

ጆን ቡንያን በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ እንግሊዛዊ ሰባኪ ነው። ያለ ፈቃድ ሰበክህ ተብሎ ቤድፎርድ ከተማ ውስጥ 12 ዓመት ያህል ታስሯል። «ፒልግሪምስ ፕሮግረስ» የተባለው መጽሐፉ በ1678 ወጣ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ወደ ሰማያዊቷ ከተማ ስለሚጓዝ መንገደኛ የሚተርክ ነው። ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ወደ አማርኛ ተተርጉሟል። ቡንያን በ1684 ሁለተኛ ክፍል ጨመረበት። ያ አዛባ ጫሪ ያለው እዚህ ውስጥ ነው።

ክርስቲያና የምትባል መንገደኛ አንድ ቤት ትገባለች። ባለቤቱ አንድ ክፍል ወስዶ ትዕይንት ያሳያታል። መጫሪያ የያዘ ሰውዬ አቀርቅሮ ወለሉን ይጭራል። ከራሱ በላይ ደግሞ አንድ ሌላ ቆሞ የሰማይ አክሊል ይዟል። «መጫሪያህን ስጠኝና ይሄን ውሰድ» ይለዋል። ሰውዬው ግን ቀና ብሎ አያይም። ገለባውን፣ ጭራሮውን፣ ትቢያውን ወደ ራሱ ይሰበስባል። ባለቤቱ ትርጉሙን ሲያስረዳት፣ ይህ ሰው ልቡ በምድራዊ ሀብት የተያዘ፣ ሰማዩ ተረት የሚመስለው ሰው ነው ይላታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ። የቡንያን አዛባ ጫሪ የማንንም ገመና አያወጣም። የማንንም ጉድ አይጽፍም። ገንዘብ ወዳድ ነው፤ አለቀ።

አሁን ሁለት መቶ ዓመት ከፍ ብለን ወደ አሜሪካ እንሻገር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ አገሪቱ በፋብሪካና በባቡር እየተጥለቀለቀች ነው። ሀብቱ ግን ጥቂት እጆች ላይ ነው ያለው። የጆን ሮክፌለር ስታንዳርድ ኦይል በ1880ዎቹ ከአገሪቱ ነዳጅ የማጣራት ሥራ 90 በመቶ ያህሉን ይዞ ነበር። ስጋው፣ ባቡሩ፣ ስኳሩም እንዲሁ በጥቂት ኩባንያዎች መዳፍ ውስጥ ገብቷል። ከተሞቹን የሚመሩት ሰዎች ደግሞ ጉቦ እንደ ደመወዝ የሚቆጥሩ ነበሩ።

በዚሁ ጊዜ መጽሔት ረከሰ። «መክሉርስ» የሚባለው ወርኃዊ መጽሔት በ10 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። ድሮ መጽሔት የማይገዛው የቢሮ ጸሐፊና ባለሱቅ ሁሉ ገዢ ሆነ። ስርጭቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ነበር። ባለቤቱ ሳሙኤል መክሉር ሐሳብ ሲመጣለት ቢሮውን የሚያተራምስ ሰው ነው። አንድ ብልሃት ግን ነበረችው። ለጋዜጠኞቹ ጊዜና ገንዘብ ይሰጣል። «ሂድና ጉዳዩን እስክታውቀው ድረስ አትጻፍ» ማለት የሚችል አለቃ ያኔም አሁንም ብርቅ ነው።

ከእነዚህ ጋዜጠኞች አንዷ አይዳ ታርቤል ናት። ስለ መክሬከር ሲወራ መጀመሪያ ስሟ የሚነሳው የእሷ ነው፤ ይገባታልም። የተወለደችው በ1857 ፔንሲልቬኒያ ውስጥ፣ ነዳጅ በተገኘበት አካባቢ ነው። አባቷ ለነዳጅ ማጠራቀሚያ የሚሆን የእንጨት ታንከር ይሠሩ ነበር። በ1872 የሆነውን ነገር በልጅነቷ አይታዋለች።

የዚያን ዓመት ሴራ መረዳት ተገቢ ነው፤ ያለሱ የታርቤል ሥራ አይገባም። ነዳጅ ከጉድጓድ ወጥቶ ወደ ማጣሪያ፣ ከማጣሪያ ወደ ገበያ የሚሄደው በባቡር ነው። ሮክፌለርና ጥቂት ባልደረቦቹ ከባቡር ኩባንያዎች ጋር በድብቅ ተስማሙ። ለሌላው ሰው ሁሉ የጭነት ዋጋ ይጨምራል። ለእነሱ ግን ከከፈሉት ላይ ተመላሽ ይደረግላቸዋል። እስከዚህ ድረስ የለመድነው ዓይነት አድልዎ ነው። ቀጥሎ ያለው ነው ጉዱ። ተወዳዳሪዎቻቸው ለባቡሩ ከሚከፍሉት ገንዘብ ላይም ድርሻ ወደ እነሱ ኪስ ይገባል! ባላንጣህ ዕቃ በጫነ ቁጥር አንተ ትከፈላለህ ማለት ነው። በዚያ ላይ ማን ምን ያህል ጭኖ ወዴት እንደላከ መረጃው ይደርስሃል።

ስምምነቱ አፈትልኮ ሲወጣ የነዳጅ አካባቢው ሕዝብ ተነሳ። ዕቅዱም ሥራ ላይ ሳይውል ፈረሰ። ግን ዛቻው ብቻውን በቂ ነበር። ሮክፌለር በዚያው ሰሞን ክሊቭላንድ ከተማ ውስጥ ከነበሩት 26 ተወዳዳሪ ማጣሪያዎች 22ቱን ጠቅልሎ ገዛ። ሻጮቹ ምን ምርጫ ነበራቸው? ወይ ትሸጣለህ ወይ ትከስራለህ።

ታርቤል ሠላሳ ዓመት ቆይታ ወደዚህ ታሪክ ተመለሰች። አባቷ «ተዪው፣ መጽሔቱን ያጠፉታል» ብለው አስጠንቅቀዋት ነበር። አልሰማችም። የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የምክር ቤት ምርመራ ቃለ ጉባኤ፣ የቆየ ጋዜጣ እየፈለፈለች አነበበች። ደራሲው ማርክ ትዌይን ወዳጁ ከነበረው ከስታንዳርድ ኦይል ከፍተኛ ኃላፊ ከሄንሪ ሮጀርስ ጋር እንድትገናኝ መንገድ ከፈተ። ሮጀርስ ቢሮው አስገብቶ ለረጅም ጊዜ አወጋት። ምናልባት ታሪኩን ወደ ራሳቸው የምታጋድል መስሎት ይሆናል።

ከዚያ አንድ ወጣት ተላላኪ ነገሩን ሁሉ ገለበጠው። ሥራው በአንድ የስታንዳርድ ቢሮ ውስጥ በየወሩ የሚከማቸውን ወረቀት ማቃጠል ነው። አንድ ቀን ከሚቃጠለው መሀል የሚያውቀውን ስም አየ፤ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪውን። አስተማሪው ከስታንዳርድ ጋር የሚወዳደር ትንሽ ነዳጅ አጣሪ ነበር። ወረቀቱ ላይ የእሱ ጭነት ዝርዝር ሰፍሯል፤ መቼ እንደተላከ፣ ወዴት እንደሄደ። ከባቡር ድርጅት ሠራተኞች የተላለፈ መረጃ ነው። ልጁ ወረቀቱን ለአስተማሪው ሰጠ፤ አስተማሪውም ለታርቤል አደረሰ። በ1872 ፈረሰ የተባለው የስለላ ልማድ በሕይወት እንዳለ የሚያሳይ እጅ ከፍንጅ ማስረጃ ነበር። እሷም አተመችው። ሮጀርስ በንዴት ጦፈ፤ ወሬያቸውም እዚያው ላይ ቆመ።

ጽሑፉ ከኅዳር 1902 ጀምሮ በ19 ክፍል ወጣ። በ1904 ደግሞ መጽሐፍ ሆነ። ደስ የሚለኝ ነገር፣ ታርቤል ሮክፌለርን የሚያመሰግን ነገር ስታገኝ ታመሰግነዋለች። የሥራ ችሎታውን አልካደችም። ያልተዋጠላት አጨዋወቱ ነው። ለዚህም ነው ጽሑፏ ያመመው።

ጥር 1903 ላይ የወጣው የመክሉርስ እትም እስከዛሬ ይጠቀሳል። የታርቤል አንድ ምዕራፍ አለበት። ሊንከን ስቴፈንስ ስለ ሚኒያፖሊስ ከተማ አስተዳደር ሌብነት የጻፈው አለበት። ሬይ ስታናርድ ቤከር ደግሞ በሥራ ማቆም አድማ ወቅት ሥራ የቀጠሉ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ስለደረሰባቸው ጥቃት ጽፏል። መክሉር ሦስቱ አንድ ላይ መገጣጠማቸውን አየና ማስታወሻ አከለበት። ባለሀብቱም፣ ሠራተኛውም፣ ፖለቲከኛውም፣ ዜጋውም ሕግ ይጥሳል ወይ ሲጣስ ዝም ይላል፤ ታዲያ ማን ቀረ? የሚል ነው ፍሬ ነገሩ።

ሌሎች መጽሔቶችም ተከተሉ። «ኮሊየርስ» በ1905 ፍቱን መድኃኒት ተብለው የሚቸበቸቡ ጠርሙሶች ውስጥ አልኮልና ኦፒየም እንዳለ አጋለጠ። አፕተን ሲንክሌር ቺካጎ የከብት ማረጃዎች ሰፈር ሰባት ሳምንት ከርሞ «ዘ ጃንግል» የተባለ ልቦለድ ጻፈ።

እስከዚህ ድረስ ማንም «መክሬከር» አላላቸውም። እንዲያውም ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ከብዙዎቹ ጋር ወዳጅ ነበር። ዋይት ሀውስ ይጠራቸዋል፣ ያማክራቸዋል። የእነሱ ጽሑፍ ሕዝቡን ሲያስቆጣለት እሱ ሕግ ያረቃል። ጥሩ ሽርክና ነበር። ምን አፈረሰው ቢባል፣ የሴናተሮች ጉዳይ ነው።

የዚያን ጊዜ የአሜሪካ ሴኔት አባላትን የሚመርጠው ሕዝቡ አልነበረም። የየግዛቱ ምክር ቤቶች ነበሩ የሚመርጡት። ምክር ቤቱን የያዘ ኩባንያ ሴናተሩንም ያዘ ማለት ነው። በመጋቢት 1906 «ኮስሞፖሊታን» መጽሔት «የሴኔቱ ክህደት» የሚል ተከታታይ ጽሑፍ ጀመረ። ጸሐፊው ዴቪድ ግራም ፊሊፕስ ነው። ብዕሩ እንደ ታርቤል የተለካ አይደለም፤ ይሳደባል። የመጀመሪያ ዒላማው የኒው ዮርኩ ሴናተር ቾንሲ ዴፒው፣ የሩዝቬልት ፓርቲ ሰው ነው። የመጽሔቱ ባለቤት ደግሞ ዊሊያም ራንዶልፍ ኸርስት፤ ጋዜጣ ነጋዴ፣ ራሱም ፖለቲከኛ፣ ሩዝቬልት አጥብቆ የማይወደው ሰው። ቁጣው እንዴት እንደነደደ መገመት አያቅትም።

ሩዝቬልት መጀመሪያ በመጋቢት ወር፣ የሚባለው በማይዘገብበት አንድ የጋዜጠኞች እራት ላይ የልቡን ተናገረ። ወሬው ግን ወጣ። በአደባባይ ሊደግመው ማሰቡን የሰማው ቤከር ደብዳቤ ጻፈለት። እንዲህ ያለው ንግግር ሐቀኛውንም ሥራ ይጎዳል ብሎ ለመነው። ሰሚ አላገኘም። ሚያዝያ 14 ቀን 1906 ዋሽንግተን ውስጥ የአዲስ የምክር ቤት ቢሮ ሕንፃ የመሠረት ድንጋይ ሲጣል፣ ሩዝቬልት የቡንያንን አዛባ ጫሪ ጠርቶ አመጣው። አጎንብሶ ቆሻሻ ብቻ የሚያይ፣ ከቆሻሻ ሌላ የማይናገር፣ የማያስብ ጸሐፊ አገር ይጎዳል አለ። የማንንም ስም ግን አልጠራም።

እውነቱን ለመናገር ንግግሩን ሙሉውን ያነበበ ሰው ሩዝቬልትን እንዲህ ቶሎ አይፈርድበትም። ክፉ ሰው፣ ፖለቲከኛም ይሁን ነጋዴ፣ ያለ ርኅራኄ መጋለጥ አለበት ይላል። ይህን የሚያደርግ ጸሐፊ ባለውለታ ነው፤ ብቻ የሚጽፈው ፍጹም እውነት ይሁን ይላል። አዛባ ጫሪዎች ለኅብረተሰቡ ደኅንነት ብዙ ጊዜ የግድ እንደሚያስፈልጉም ተናግሯል፤ መቼ መጫር ማቆም እንዳለባቸው ካወቁ። ግን ማን ይህን ሁሉ ይሰማል? በማግስቱ ከንግግሩ የተረፈው ስሙ ብቻ ነበር። ሲጋለጡ የከረሙ ሁሉ ድንገት የሚመቱበት ዱላ አገኙ።

ስቴፈንስ ሄዶ «እንግዲህ አንተን አንተ ያደረገህን የጋዜጠኝነት ምርመራ ሁሉ ገደልከው» አለው። ቤከር ተቀየመ፤ ከዚያ በኋላ ሩዝቬልትን እንደ ቀድሞው ሊያምነው እንዳልቻለ ጽፏል። ታርቤል ስሙን አልወደደችውም። ራሷን የምታየው እንደ ታሪክ ጸሐፊ ነበር። ሲንክሌር ግን አልሸሸውም፤ እንደ ኒሻን ነው ያደረገው። ቀስ በቀስ የሲንክሌር መንገድ አሸነፈ።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ነገር ልመለስ። ሩዝቬልት ጥቅሱን ገልብጦታል። የቡንያን ሰውዬ ጥፋቱ ሀብት ሲሰበስብ ቀና ብሎ አለማየቱ ነው። ያንን ሥዕል ከ1906 ሰዎች ለማን እናልብሰው ቢባል፣ ከታርቤል ይልቅ ሮክፌለር ልክክ ይልበታል። ፕሬዚዳንቱ ግን ስድቡን ከሰብሳቢው አንስቶ «ይኸው ሲሰበስብ» ብላ በጠቆመችው ላይ ደፋው። ቃላት እንዲህ ባለቤት ሲቀይሩ ብዙ ጊዜ ዘመን ይፈጃል። ይሄኛው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው የፈጀው።

ሌላም ምጸት አለ። ሩዝቬልት የሲንክሌርን ልቦለድ አንብቦ ሁለት መርማሪዎች ወደ ቺካጎ ልኮ ነበር። የስጋ ማሸጊያዎቹ ቆሻሻነት እውነት መሆኑን አረጋገጡለት። ከዚያ ንግግር ሁለት ወር ተኩል በኋላ፣ ሰኔ 30 ቀን 1906፣ የስጋ ምርመራ ሕጉንና የምግብና መድኃኒት ሕጉን ፈረመ። አዛባ ጫሪ ያላቸው ሰዎች ጭረው ያወጡለትን ማለት ነው። ሲንክሌር በበኩሉ ያን ያህል አልተደሰተም። እሱ ያሳሰበው የሠራተኛው ስቃይ ነበር፤ አንባቢው ግን ስለሚበላው ስጋ ነው የደነገጠው። «የሕዝቡን ልብ አልሜ ሳላስበው ሆዱን መታሁ» ብሏል።

የቀረው ውጤት ዘገየት ብሎ መጣ። በ1911 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስታንዳርድ ኦይልን ፈረካክሶ 34 ኩባንያ አደረገው። በ1913 ሴናተሮችን ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ ሕገ መንግሥቱ ተሻሻለ። ፊሊፕስ ይህን ሳያይ በ1911 ኒው ዮርክ ውስጥ በጥይት ተገደለ። ገዳዩ ሴናተር የላከበት ሰው አልነበረም። ፊሊፕስ የጻፈው ልቦለድ ቤተሰቤን ሰድቧል ብሎ ያመነ አእምሮው የታወከ ሰው ነበር።

እነዚህን ለውጦች ጋዜጠኞቹ ብቻቸውን አመጧቸው ማለት ማጋነን ነው። የመንግሥት ጠበቆች፣ ማኅበራት፣ የሕክምና ሰዎች ለዓመታት ሲታገሉ ነበር። መጽሔቶቹ ያደረጉት ጉዳዩን ከመዝገብ ቤት አውጥተው ቤት ውስጥ ወሬ ማድረግ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ጋ ይደባለቃልና ልለየው። በ1890ዎቹ ኸርስትና ጆሴፍ ፑሊትዘር በኒው ዮርክ ጋዜጣ ሲሻሙ የመጣው «ቢጫ ጋዜጠኝነት» ሌላ ነገር ነው። እሱ በጩኸት ርዕስ፣ በደም፣ በተጋነነ ወሬ ጋዜጣ መሸጥ ነው። የመክሬከሩ መለያ ሰነድ ነው። ሁለቱ አንዳንዴ አንድ ቤት ውስጥ ይገናኛሉ፤ ኮስሞፖሊታን ጥሩ ማሳያ ነው። ሩዝቬልትም ሁለቱን ባንድ ከረጢት በመክተቱ ነው ቅያሜው የበዛው።

ስሙ ከወጣ በኋላ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ ለሙታንና ለቀደሙት መሰጠት ጀመረ። ኔሊ ብላይ በ1887 እብድ መስላ ኒው ዮርክ ውስጥ የአእምሮ ሕሙማን ተቋም ገብታ የታማሚዎቹን አያያዝ ጽፋለች። አይዳ ቢ. ዌልስ በ1892 ሜምፊስ ውስጥ ሦስት ወዳጆቿ በነጭ መንጋ ከተገደሉ በኋላ፣ የጥቁሮችን ግድያ መዝገብ እየያዘች ማጋለጥ ጀመረች። የጋዜጣዋን ቢሮ አወደሙባት፤ እሷም ወደዚያ ከተማ ሳትመለስ ሥራዋን ቀጠለች። ዛሬ ሁለቱም መክሬከር ይባላሉ። በዘመናቸው ቃሉን ማንም ለዚህ አልተጠቀመበትም። ለእኔ ዌልስ ከመክሉርስ ሰዎች ሁሉ በላይ ይገባታል፤ እነሱ የሚያጡት ማስታወቂያ ነበር፣ እሷ ነፍሷን።

ከ1912 ገደማ ጀምሮ ማዕበሉ ረገበ። አንባቢ ሰለቸው፣ አንዳንድ መጽሔቶች ገንዘብ ቸገራቸው፣ ቀጥሎ የዓለም ጦርነት መጣ። ቃሉ ተመልሶ ያበበው በ1960ዎቹና 70ዎቹ ነው። ጄሲካ ሚትፎርድ በ1963 የአሜሪካ የቀብር አስፈጻሚ ድርጅቶች ሐዘንተኛውን እንዴት እንደሚያልቡት ጽፋ «የመክሬከሮች ንግሥት» ተባለች። ከዚያ ፕሬዚዳንት ኒክሰንን ከሥልጣን ያወረደው የዋተርጌት ቅሌት መጣ። በ1975 የምርመራ ጋዜጠኞች የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። በዓመቱ ዶን ቦልስ የተባለ አባላቸው ፊኒክስ ከተማ መኪናው ላይ በተጠመደ ቦምብ ሲገደል፣ ባልደረቦቹ ከየግዛቱ ተሰባስበው የአሪዞናን ሙስና አብረው መረመሩ። ከዚያ ወዲህ የሙያው ኦፊሴላዊ ስም «የምርመራ ጋዜጠኝነት» ሆነ። መክሬከር የሚለው ደግሞ የቁልምጫ ያህል ቀረ።

እንግሊዞች ጋ ግን ታሪኩ ይህን ያህል ክብር አላገኘም። እነሱ ዘንድ ቃሉ በአብዛኛው የሚያስታውሰው የታዋቂ ሰው ትዳርና መኝታ ቤት የሚቆፍሩትን ጋዜጦች ነው። አሜሪካም ውስጥ ቢሆን ምርጫ ሲቃረብ ትርጉሙ ይጠቁራል። ተፎካካሪው የድሮ የትዳር ፍቺውን ቆፍሮ ያወጣበት እጩ «ይሄ መክሬኪንግ ነው» ብሎ ሲያማርር ትሰማላችሁ። ስለዚህ ቃሉን ዜና ላይ ስታገኙት ሁለት ነገር እዩ፤ ማን ነው የተናገረው፣ የተቆፈረውስ ምንድን ነው? የግድብ በጀት ከሆነና ተናጋሪው ሌላ ጋዜጠኛ ከሆነ ምስጋና ነው። በጀቱን የበላው ሰውዬ ራሱ ከሆነ የተናገረው፣ ስድብ ነው።